ሰባን ያለፈ እሑድ

ትርርርርርር።

ቀድሞ የሚደርሰኝ ድምፁ ነው። ብርድ ልብሱ እስከ አፍንጫዬ ተስቧል፤ ዓይኔ ገና አልተገለጠም። ድምፁ ከበረንዳው ይነሳል። መጀመሪያ እንደ ፌንጣ ቀጭን ነው፤ ቀጥሎ ይወፍርና ጣሳ ውስጥ የሚንቀጫቀጭ ባቄላ ይመስላል፤ ከዚያ እየሳሳ፣ እየተቆራረጠ ሄዶ ትር... ትር... ብሎ ያልቃል። አጎቴ ደምመላሽ የኮርሳ ብስክሌቱን ኋላ ከፍ አድርጎ ፔዳሉን አንዴ መትቶታል ማለት ነው፤ ጎማው ሳይወላገድ መዞሩን ሊያይ። እሑድ ነው ማለት ነው።

«ተነስ አንተ እንቅልፋም፣ ቁልቁለቱ ሊያልቅ ነው!» ይለኛል በመስኮቱ።

ቁልቁለት ያልቃል እንዴ ብዬ ከአልጋ እዘላለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ሚሊኒየሙ የተከበረበት ዓመት ነው። የነገሩኝን ሁሉ አምናለሁ።

ግቢያችን ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ትንሽ ከፍ ብሎ ነበር። አንድ ቧንቧ፣ አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጡ ሁለት ቤቶች። በአንዱ እኔና እናቴ የሺዓለም እንኖራለን፤ አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያውቀው እንደ እንግዳ ነው። ጓሮ ባለችው ክፍል የእናቴ ታናሽ ወንድም ደምመላሽ አለ። ከእኛ ትይዩ ያሉት እማማ ወርቄ ናቸው። ሙሉ ስማቸው ወርቅአፈራሁ ነው፤ ሙሉውን የሚጠራቸው ግን የቀበሌ ሰው ብቻ ነበር። ልጃቸው ማቲዎስ ከደምመላሽ ጋር በአንድ የብስክሌት ክለብ ይወዳደር ነበር። በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ከእንጦጦ ሲወርዱ ማቲዎስ ወድቆ ሞተ።

ኮርሳው የማቲዎስ ነበር። ከወደቀበት ሲነሳ መሪው ብቻ ነው የተቆለመመው፤ ሌላው ደህና ነው። እማማ ወርቄ አሳቅንተው፣ አስወልውለው፣ በገዛ እጃቸው እየገፉ ግቢውን አቋርጠው ለደምመላሽ ሰጡት። «ቆሞ ዝገት ከሚበላው አንተ ውጣበት ልጄ» ሲሉት ሰምቻለሁ። እሱ ሁለት እጁን ኋላው አድርጎ ቆሞ ነበር፤ ስጦታ የሚቀበል ሰው እንደዚያ አይቆምም። እኔ ግን እንዴት ያለ ዕድለኛ ነው አልኩ። አዲስ ኮርሳ፣ ቀይ፣ በነፃ!

ድምፁ በተነሳ ቁጥር የእማማ ወርቄ መስኮት ይከፈታል። እሳቸው ጥቁር ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር እንደያዙ ቆመው ይሰማሉ፤ ጎማው መዞሩን ሲያቆም መስኮቱን ቀስ ብለው ይዘጉታል። ከእንቅልፋቸው እየቀሰቀስናቸው የተናደዱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ለደምመላሽ «ሌላ ቦታ ሄደህ አዙረው፣ እማማ ወርቄ ተቆጡ» አልኩት። ግቢውን ትቶ አንድ ሁለት ሳምንት ድልድዩ ጋ እያዞረው ቆየ። በሦስተኛው እማማ ወርቄ መጥተው «ምነው ድምፁን ነሣኸኝ?» አሉት። እኔም የትልልቅ ሰዎች ቁጣ እንዴት ቶሎ ይበርዳል ብዬ ተገረምኩ።

በኮርሳው መሪ ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል፣ ሰዓት የምትመስል ነገር ታስራለች። ፍጥነት ትናገራለች። ሲሄዱ የአሁኑን ታሳያለች፤ ጎኗ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሲጫኗት ደግሞ ኮርሳው እስከ ዛሬ የሮጠውን ትልቁን ፍጥነት ታወጣለች፦ 70።

«የማን ነው ሰባው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«የማቲ።»

«አንተስ?»

«እኔ ከፊት ነበርኩ» አለኝ።

«ከፊት ከነበርክማ አንተ ትበልጠዋለህ!»

ጨርቁን አንስቶ የተወለወለውን ሰንሰለት እንደገና ወለወለው። ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ፤ የሱ የራሱ ቁጥር በራሱ ኮርሳ ላይ ቀርቷል፣ በዚህችኛዋ ማስመዝገብ አለበት። ሰባን ማለፍ አለበት። ሯጮቹ በቴሌቪዥን እንደሚያደርጉት ሬኮርድ መስበር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓለም ትልቁ ነገር ለእኔ ሰባ ሆነች።

ከፊት ነበርኩ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሰማሁት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስደርስ ነው፣ ከክለቡ ልጆች አንዱ አግኝቶኝ። ቁልቁለት ላይ የኋለኛው የሚያየው መንገዱን ሳይሆን የፊተኛውን ጎማ ነው። ደምመላሽ ዞር ብሎ «ፍሬን እንዳትነካ፣ እኔን ብቻ እያየህ ና» ብሎት ነበር። ከፊቱ ጉድጓድ አየ፤ ሸሸው። ማቲዎስ ግን የተባለውን አደረገ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልስ፣ እናቴ ልብስ ስታጥብ፣ እኔ የሳሙና አረፋ እየነፋሁ፣ እማማ ወርቄ ባልዲ ይዘው ቧንቧው ጋ መጡ። ባልዲውን አልቀዱበትም።

«ሄጄ አየሁት የሺ» አሉ። «ማዘጋጃው ጋ ቆሜ ቸርችልን ሲወርድ አየሁት። ፍሬን አይዝም።»

«ምን ላድርግ እማማ? ልጄ ቢሆን እገርፈው ነበር።»

«ብቻውን የወረደ ቀን አይመለስልሽም።»

«ኮርሳውን ይውሰዱበታ! እርስዎ ነዎት የሰጡት።»

«ብወስድበት በምን ይወጣልኛል? ጠላችኝ ብሎ ቤት ይቀመጥና ይሞታል። አደራ ስጪው። ያ ልጅ አደራ አይበላም።»

«የምን አደራ?»

እማማ ወርቄ ዞር ብለው እኔን አዩኝ። እናቴም አየችኝ። አረፋዬ ፈነዳ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የወሰድኩት ቸርችል ጎዳና በጣም ረጅም መሆኑን ነው። ወርዶ ወርዶ ታች ሲደርስ ዳገቱን መመለስ ያቅተዋል፤ ስለዚህ የሚገፋለት ሰው ያስፈልገዋል፤ እኔ ልሄድ ነው። ደስታዬ ወሰን አጣ።

በተከታዩ እሑድ እናቴ ሁለት ሹራብ ደራርባ አለበሰችኝ፣ ኮፍያ ደፋችብኝ፣ እጄን ይዛ በረንዳው ላይ አቆመችኝ።

«ደሜ፣ ልጄን አደራ።»

ደምመላሽ ሳቀ። «የሺ ምን ነካሽ? ኮርሳ ላይ ልጅ ይጫናል?»

«ይጫናል።»

«ኧረ ባክሽ! መቀመጫ የለው፣ ምን የለው...»

«ልጄን አደራ ብያለሁ። አንድ ልጄን። አደራ ብያለሁ ደሜ።»

ድምጿ ውስጥ የሆነ ነገር ነበር፤ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። እሷን አያት፣ ማዶ ወደተከፈተው መስኮት አየ፣ ከዚያ እኔን። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ የተቀበለ ሰው ከሞተም የሚሞተው መልሶ ነው። ጓሮ ሄደና ፎጣ አመጣ፤ በአግዳሚው ብረት ላይ ጠምጥሞ ከመሪው ኋላ አስቀመጠኝ።

የዚያን መንገድ ሽታ ዛሬም አውቀዋለሁ። የሱ ደረት ጀርባዬ ላይ ነው፤ ቪክስ ቪክስ ይላል። ከቤት ወጥተን ማዘጋጃው ጋ እስክንደርስ በእግር ይገፋኛል። ከዚያ ፊታችን ቸርችል ይዘረጋል፤ መብራቶቹ ገና ሳይጠፉ፣ አስፋልቱ ጤዛ ለብሶ፣ ታች ቴዎድሮስ አደባባይ እንደ ሳህን ተቀምጦ። «ያዝ» ይላል። እይዛለሁ። ንፋሱ መጀመሪያ ጥርሴን ነው የሚያገኘው፤ አፌን መዝጋት ስለማልችል። ቁጥር መጥራት የእኔ ሥራ ነዋ።

«ሃያ! ሃያ አምስት! ሠላሳ! ሠላሳ አራት! ሠላሳ ስምንት...!»

እዚያ ጋ ስንደርስ ሁሌም፣ ሁሌም፣ ጭጭጭ የሚል ነገር ከሥራችን ይነሳል። ቁጥሩ ይወርዳል። አደባባዩን እንደ ሽማግሌ ቀስ ብለን ዞረን፣ ከኮርሳው ወርደን፣ ዳገቱን እንያያዘዋለን። አርባን አይተናት አናውቅም። ከኋላ መቀመጫውን ይዤ እየገፋሁ፣ አንገቴን ደፍቼ «ደሜ፣ ይቅርታ፣ ዛሬም አልደረስንም» እለዋለሁ። እሱ ሌላ ነገር ያስባል፤ አይሰማኝም። አንዳንዴ ግን ያፏጭ ነበር። እናቴ ያንን ፉጨት ከግቢው በር ስትሰማ ወደ ቤት ገብታ ፊቷን ትታጠባለች። ለምን እንደምትታጠብ አልገባኝም፤ ታጥባ ነበር እኮ።

ማዘጋጃው አጠገብ ሱቅ ያለው ጋሽ ፋሩቅ በማለዳ የሚከፍት እሱ ብቻ ነው። ስልጤ ነው፣ ምላሱ ግን የአራዳ ነው፤ ሞቅ ያለ ዳቦና ሙቅ ተረብ አንድ ላይ ይሸጣል።

«እህሳ፣ ስንት ገባ ዛሬ?»

«ሠላሳ ዘጠኝ!» አልኩት በኩራት ሳይሆን እውነቱን ልናገር ብዬ።

«ሠላሳ ዘጠኝማ እኔም ሽርጤን ሰብስቤ እሮጠዋለሁ! ደሜ፣ ሰው እየሰማ ነው እኮ። የጫንከው ልጅ ነው ወይስ ኩንታል ጤፍ? እሱን እኔ ጋ አራግፈህ ብትወርድ ሰባን አታልፋትም?»

«አፍህን ዝጋ ፋሩቅ።»

«ውይ፣ ተቆጣ! እንካ አንተ ኩንታል፣ ዳቦ ብላ፣ ክብደት እንዳይቀንስብህ።»

ጋሽ ፋሩቅ ምንም አያውቅም ነበር። ሰባ ከታለፈችበት እሑድ በኋላ ለብዙ ዓመት ሲያየኝ ዳቦ ይሰጠኝና ወደ ሱቁ ይገባል፤ አይቀልድም።

ለእኔ ግን ነገሩ በራልኝ። ሰባ ያልተደረሰባት በእኔ ነው። ከብጃለሁ። ያን ሳምንት ራቴን ለግቢው ድመት እያካፈልኩ ከረምኩ። እናቴ ወስፋት ነው ብላ የሚመር መድኃኒት አጠጣችኝ። ቅዳሜ ማታ ሹራቡን አውልቄ በመስታወት አየሁ፤ ጎድን አጥንቴ ወጥቷል፣ ኩንታልነቴ ግን አልለቀቀኝም። ከዚያ ቆረጥኩ። ሰው ለሚወደው ሰው አንድ ነገር ማድረግ አለበት።

ከዓመታት በኋላ፣ ዘጠነኛ ክፍል ነው። የፊዚክስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ ተዳፋት ሣሉ፤ በተዳፋቱ ላይ ጋሪ። እጄን አወጣሁ። «ቲቸር፣ ቁልቁለት ላይ ክብደት ሲጨመር አይዘገይም?» ክፍሉ ሳቀ። «ማን ነገረህ?» አሉኝ። «ነፋሱ ባይኖር ከባዱም ቀላሉም እኩል ነው፤ ነፋስ ካለማ ከባዱ ይብሳል። ሸክም ቁልቁለት ይወዳል ልጄ። የሚያዘገየው ፍሬን ነው።» ተቀመጥኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ «ምን ሆንክ?» አለኝ። የዚያን ቀን የቀረውን ትምህርት አልሰማሁም። ሠላሳ ስምንት ስል ከሥራችን የሚነሳውን ጭጭታ እየሰማሁ ነበር።

እናቴ ደግሞ የአደራውን ነገር የነገረችኝ አምና ነው፤ ግቢው ሊፈርስ ዕቃ ስንጭን። እማማ ወርቄ ካረፉ ቆይተዋል። እናቴ የእሳቸው መስኮት የነበረበት ግድግዳ ላይ እጇን አሳርፋ፣ «አንተን አስይዢው ያሉኝ እሳቸው ናቸው» አለችኝ። «ልጃቸውን የቀበሩት ሴትዮ። እኔማ ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ወንድሜን ላተርፍ ልጄን ልስጥ? አንተ ደግሞ ጠዋት እንዴት ደስ ብሎህ እንደነበር!» አልጋውን ተሸከምን።

አሁን ሠፈሩ ሰፊ መንገድ ነው፤ ለብስክሌት የተለየ መስመር ሳይቀር ተቀብቶለታል። እሑድ እሑድ ብቻዬን እሄዳለሁ። ራስ ቁር ያጠለቁ ልጆች እየተሳሳቁ ያልፋሉ። ከኋላዬ ትርርር ሲል ደሜ ይሆን ብዬ ዞሬ የማየው ጎማውን አይደለም፤ የነጂውን ፊት ነው።

ወደዚያኛው እሑድ ልመለስ።

እናቴ ቅዳሴ ልትሄድ ነጠላዋን እያጣፋች «ደሜ፣ አደራህን» አለች። «ተቀብያለሁ» አለ፤ እንደ ሁልጊዜው። ማዘጋጃው ጋ ደረስን። ጋሽ ፋሩቅ የሱቁን ቆርቆሮ መስኮት በዱላ ደግፎ እያቆመ ነበር። ደምመላሽ «ያዝ» ሊለኝ ሲል ከብረቱ ላይ ተንሸራተትኩና ዘለልኩ።

«ምን ሆንክ?»

«እግሬን አሞኛል» አልኩ፤ ያዘጋጀሁት ይኼንን ነበር። «እዚህ ልጠብቅህ።»

«እንግዲያ ወደ ቤት እንመለስ።»

«አይ! አይ፣ አንተ ውረድ። ጋሽ ፋሩቅ ጋ እቆያለሁ።»

«ተወው ባክህ፣ እኔ እይዘዋለሁ» አለ ጋሽ ፋሩቅ። «ኩንታሉ ራሱ ወረደልህ እኮ፣ ምን ትፈልጋለህ!»

ደምመላሽ ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔ ጥርሴን አሳየሁት፤ ሂድ በሚል ዓይነት። ፎጣውን ከብረቱ ላይ ፈታ፣ ቀስ ብሎ አጣጠፈ፣ ሰጠኝ። ፎጣው ሞቅ ይል ነበር።

ከዚያ ሄደ።

ከእኔ ጋር ሲወርድ ቀና ብሎ ነበር የሚቀመጠው። አሁን ጀርባው ጠረጴዛ ሆነ፣ አገጩ መሪውን ነካ፣ ክርኖቹ ገቡ። ድምፁ መጀመሪያ ትርርር ነበር፤ ከዚያ መቆጠር አቆመና አንድ ረጅም ዝዝዝዝ ሆነ፣ እንደ ንብ፣ እንደ ሽቦ። ከጎን መንገድ አንድ ሚኒባስ ብቅ አለ። ወያላው በመስኮት ወጥቶ «ኧረ ያ ሰውዬ!» ብሎ ሲጮህ፣ ቀይዋ ነገር በፊታቸው አልፋ ነበር። ጋሽ ፋሩቅ ሳቁን አቆመ። እጄን ያዘኝ። «ፍሬን፣ ፍሬን፣ ፍሬን በል» ይላል በሹክሹክታ። ጭጭታውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ቀይዋ ነጥብ ቴዎድሮስ አደባባይን እንደ ክር ሰንጥቃ ከዳር ካለው ሕንፃ ኋላ ጠፋች።

ዝም አለ፤ ሁሉም ነገር። ጋሽ ፋሩቅ በከንፈሩ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ደግሞ እግሬ መሬት አይነካም፤ አለፈው! አለፈው! እያልኩ እዘላለሁ።

ከቆየ በኋላ ኮርሳውን እየገፋ ዳገቱን ብቅ አለ። ጋሽ ፋሩቅ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ሱቁ ደጃፍ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ሮጬ ተቀበልኩትና ሰላም ሳልለው ቁልፏን ተጫንኩ። 71።

«አለፍከው! ደሜ፣ አለፍከው!»

ደምመላሽ ጎንበስ ብሎ አየ። ቁልፏን ራሱ ደግሞ ተጫናት፤ ሰባ አንድ። በአውራ ጣቱ መስታወቷን አሸት አሸት አደረገ፤ ከሥር ያለ ነገር የሚፈልግ ይመስል።

«ሰባው የት ሄደ?» አለ።

«ጠፋዋ! አንተ በለጥክ፣ እሱ ጠፋ።»

እንዲህ ነበር ያልኩት። እየሳቅኩ።

ወደ ቤት ስንሄድ አልጫነኝም። እሱ ኮርሳውን እየገፋ፣ እኔ ፎጣውን አቅፌ፣ ጎን ለጎን ሄድን። ጎማው በዝግታ ትር፣ ትር ይላል። ግቢው ልንደርስ ስንል ቆመና «እግርህን አልነበረም ያመመህ፤ ለምን ወረድክ?» አለኝ።

«ስለምከብድህ።»

«ማን አለህ?»

«ራሴ አውቃለሁ።»

ተንበርክኮ ኮፍያዬን አስተካከለልኝ። «አልከበድከኝም» አለ። «አንድ ቀንም ከብደኸኝ አታውቅም እምሩ።» ስሜን ጠርቶ አያውቅም ነበር፤ ሁሌ እንቅልፋም ነበር የሚለኝ። ለትሕትና ነው ያለው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ ከቅዳሴ ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ሩቅ ሳለሁ ጮህኩላት። «እማዬ፣ ሰባ አንድ ገባ! እኔ ወርጄለት ሰባ አንድ ገባ!»

«ወርደህለት?» አለች። የምታየው ግን እሱን ነው።

ደምመላሽ እጄን አንስቶ በእሷ መዳፍ ውስጥ አስቀመጠው። «አደራሽን፣ የሺ» አለ። «ጭረት የለበትም።»

«ቁርስ ቀርቧል ደሜ። ግባ።»

«እሺ።»

ኮርሳውን ግን ወደ እኛ በረንዳ አላመጣውም። ቧንቧውን ዞሮ እማማ ወርቄ በር ጋ ወሰደው፣ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። እማማ ወርቄ መስኮቱ ላይ ነበሩ፤ በሩን ከፍተው ወጡ። ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። ራሱን በሁለት እጃቸው ይዘው «ቁርስህን ብላ ልጄ» አሉት። «እሺ» አላቸው፤ ለእናቴ እንዳለው ያለ እሺ።

ቀና ብሎ ወደ ግቢው በር ሄደ። የብስክሌት ጫማውን አላወለቀም፤ ብረት አለበት፣ ድንጋዩ ላይ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። እማማ ወርቄ እጃቸውን የኮርሳው መቀመጫ ላይ አሳርፈው ቀሩ። እናቴ ጣቶቼን ጨምድዳ ይዛ «ደሜ» አለች፣ አንዴ፣ ጮክ ሳትል።

«እማዬ፣ ዳቦ ሊገዛ ነው?» አልኳት።

በሩን ሳይዘጋው ወጣ።